ነባሪ አሳሹን ክሮም አድርጌ አመሻለሁ፤ ጠዋት ኤጅ ሆኖ ይጠብቀኛል

የቧንቧ ውሃዋ ጸሐፊ · ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ቤት ስል ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማንሻ፣ አንድ ላሚኔሽን ማሽን እና ደንበኛ ሲበዛ በር ላይ የሚወጣ አግዳሚ ወንበር ማለቴ ነው። አንደኛው ኮምፒውተር አሮጌ ነው፤ ይንቀራፈፋል እንጂ ዐመል የለውም። ያስቸገረኝ ሁለተኛው ነው። ባለፈው ሰኔ መጨረሻ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ገዛሁት። ዊንዶውስ 10 ነው፤ ሁለት የኢንተርኔት አሳሾች፣ የማይክሮሶፍቱ ኤጅም የጉግሉ ክሮምም፣ ተጭነውበት ነው የመጣው።

ሊንክ በነካሁ ቁጥር የሚከፈተው ኤጅ ነው፤ እኔ ደግሞ ሥራዬን ሁሉ የለመድኩት በክሮም ነው። ይህ የአማራጭ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። ግን ሥራ ያበላሽብኛል። አንድ ሰው የሥራ ማመልከቻ በኢንተርኔት ሊሞላ ይመጣል። ፎርሙን በክሮም ከፍቼ ስሙን ከነአያቱ፣ የትምህርት ማስረጃውን፣ የሥራ ልምዱን ሞልተን ወደ መጨረሻው ስንቃረብ «ወደ ኢሜይልዎ የላክነውን ማረጋገጫ ይጫኑ» ይለናል። ኢሜይሉ ያለው ሰውየው ስልክ ላይ ነው። ሊንኩን በቴሌግራም ይልክልኛል፤ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ቴሌግራም እጫነዋለሁ፤ ኤጅ ብድግ ይላል። ኤጅ ክሮም ውስጥ የሞላነውን ከየት አምጥቶ ያውቃል? «መጀመሪያ ይግቡ» ብሎ ከሀ ያስጀምረናል። ደንበኛው እኔን ያያል፣ እኔ ግድግዳውን አያለሁ።

ሊንኩን ቀድቶ ክሮም ላይ መለጠፍ እንደሚቻል ዐውቃለሁ፤ የማደርገውም እሱኑ ነው። ነገር ግን በሥራ መሐል እጅ የለመደውን ያደርጋል።

ነባሪ አሳሹን፣ ማለትም ሊንክ ሲነካ በራሱ የሚከፈተውን፣ መቀየርም አውቃለሁ። (አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ይህን «ነባሪ» የሚለውን አማርኛ መጀመሪያ የሰማ ዕለት፣ ከዓሣ ነባሪ ሌላ ነባሪ አለ እንዴ ብሎ ስቆብኛል።) ችግሩ ተቀይሮ አለመቆየቱ ነው። ክሮም አደርገዋለሁ፣ ቀኑን ሙሉ እሺ ብሎ ይውላል፣ ማግሥት ጠዋት ስከፍተው ኤጅ። ስድስት ጊዜ አድርጌዋለሁ። አንዳንዴ ማግሥትንም አይጠብቅም፤ ማክሰኞ ጠዋት አስተካክዬው ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ ወደ ቀድሞው ዞሮ አገኘሁት። አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጊዜ አድርጌው እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው፤ እሱም ዊንዶውስ 10 ነው።

መጀመሪያ ልጁን ጠርጥሬው ነበር፤ ዴስክቶፕ ላይ የማስቀምጠውን ፋይል እያጠፋ ስላስቸገረኝ ይህንንም የሚነካካው እሱ መሰለኝ። እሱ በማይገባበት ቀንም ስለተመለሰ ከዚህኛው ነጻ አውጥቼዋለሁ። ታዲያ ምን ይሆን?

ፈጣኑ ጣት · ኅዳር 11

ይህ ቀላል ነው እኅቴ። መነሻውን ተጫኚ፣ ባለ ጥርስ ጎማ የምትመስለውን ምልክት፣ ማለትም «ሴቲንግስ» የሚለውን ክፈቺ፣ «አፕስ» ውስጥ ግቢ፣ በግራ በኩል «ዲፎልት አፕስ» የሚል አለ። ወደ ታች ስትወርጂ «ዌብ ብራውዘር» ከሚለው ሥር የኤጅ ምልክት ታያለሽ። እሱን ስትነኪው ዝርዝር ይመጣል፤ ክሮምን ምረጪ። ከመቀየርሽ በፊት ኤጅን አንድ ጊዜ ሞክሪው ብሎ ይለምንሻል፤ ልመናውን አትስሚ፣ «ስዊች ኤኒዌይ» የሚለውን ተጫኚ። አለቀ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የቧንቧ ውሃዋ ጸሐፊ · ኅዳር 11

ወንድሜ አመሰግናለሁ። ስድስት ጊዜ ያደረግሁት ይኸንኑ ነው። ልመናውንም በቃሌ ይዤዋለሁ።

ማኅተም ፈቺ · ኅዳር 11

ፈጣኑ ጣት ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ያነበበ አይመስለኝም። እንዴት ይቀየራል አይደለም ያለችው፣ ለምን አይጸናም ነው።

ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ሥርዓቱ ተለውጧል። ድሮ ማንኛውም ፕሮግራም ሲጫን ራሱን ነባሪ አድርጎ ይመዘግብ ነበር፤ ማን እንደቀየረው ሳይታወቅ ሰዉ ስሙን ሰምቶት የማያውቀው አሳሽ ይከፈትበት ነበር። አሁን ምርጫው ዊንዶውስ ቅንብሮቹን በሚይዝበት መዝገብ ውስጥ ከነማኅተሙ ይቀመጣል። ማኅተም የምለው ከተጠቃሚው መለያ፣ ከተመረጠው ፕሮግራምና ከመሳሰሉት ተሰልቶ የሚወጣ የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። አንድ ፕሮግራም በጓሮ ገብቶ ምርጫውን ቢለውጠው ማኅተሙ አይገጥምም፤ ዊንዶውስም የተጭበረበረ ደብዳቤ እንዳገኘ መዝገብ ቤት ምርጫውን ውድቅ አድርጎ የራሱን ይመልሳል። በዊንዶውስ 10 ላይ ክሮም «ነባሪ አድርገኝ» ሲልሽ ወደ ቅንብሮቹ ገጽ ወስዶ የሚተውሽም ለዚህ ነው፤ ራሱ መፈረም አይችልም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ ኮምፒውተሩን «አጸዳለሁ፣ አፋጥናለሁ» የሚል አንድ ፕሮግራም መዝገቡን እየነካካ ማኅተሙን እያበላሸው ነው የሚል ነው። እንዲያ ሲሆን ብዙ ጊዜ በቀኝ በኩል ከታች መልእክት ብቅ ይላል፦ አንድ ፕሮግራም በነባሪ ቅንብር ላይ ችግር ስለፈጠረ ወደ ኤጅ ተመልሷል የሚል። እንዲህ ያለ አይተሻል?

እግረ መንገዴን፣ ከመነሻው መፈለጊያ ላይ ጽፈሽ የምትከፍችው የኢንተርኔት ውጤት ግን ነባሪሽ ምንም ይሁን ምን በኤጅ ነው የሚከፈተው። እሱን ከዚህ ጋር አታደባልቂው።

ከስቶክሆልም · ኅዳር 11

ይህ የቆየ ጠብ ነው። እኔ እዚህ የምኖርበት አገር ስለሆነ ትንሽ ተከታትየዋለሁ። የአውሮፓ ኮሚሽን ማይክሮሶፍትን በዚሁ በአሳሽ ጉዳይ ሲሞግተው ኩባንያው በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቃል ገባ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከመጋቢት ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ ላሉ ተጠቃሚዎች «የትኛውን አሳሽ ትፈልጋላችሁ?» የሚል የመምረጫ ገጽ ይቀርብላቸው ጀመር። ከዚያ ከግንቦት 2011 እስከ ሐምሌ 2012 ድረስ ገጹ ከዊንዶውስ 7 አንድ ማሻሻያ ላይ ጠፍቶ ተገኘ። ኩባንያው የቴክኒክ ስሕተት ነው አለ። ኮሚሽኑ ግን 15 ሚሊዮን ሰዎች ገጹን አላዩም ብሎ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የ561 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለበት። ቃል ገብቶ ባለመፈጸም!

አሁን ደግሞ ትላልቆቹ ኩባንያዎች ከመጋቢት 2024 ጀምሮ እንዲፈጽሙት የተገደዱት የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያዎች ሕግ አለ። እኔ ዛሬ ኮምፒውተሬ ላይ ኤጅን ራሱን ማራገፍ እችላለሁ። እናንተ ጋ ግን ያው ዊንዶውስ ሆኖ ይህ አይፈቀድም። አንድ ዕቃ፣ ሁለት ዐመል። እኔ የምለው፣ እኅታችን የገጠማት ነገር ሆን ተብሎ የተሠራ አይደለም ለማለት ማን ደፍሮ ይምላል?

ማኅተም ፈቺ · ኅዳር 11

እኔ እምላለሁ። በየቀኑ ጠዋት የሚመለስ ነባሪ በዊንዶውስ አሠራር ውስጥ የለም። ቢኖር ኖሮ እዚህ መድረክ ላይ ያለነው ሁላችን በጮኽን ነበር። የእሷው አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ሦስት ዓመት ቆይቷል።

የቧንቧ ውሃዋ ጸሐፊ · ኅዳር 11

ስቶክሆልም ያለው ወንድማችን፣ 561 ሚሊዮኑ ደስ ብሎኛል፤ ቧንቧ ውሃ ግን አልደረሰም።

ማኅተም ፈቺ፣ ማጽጃ የሚባል ፕሮግራም ፈልጌ አጣሁ። የምትለውን መልእክትም አንድ ቀን አላየሁም። ሳያስጠነቅቅ ነው የሚቀየረው። የገረመኝ ደግሞ ክሮም ላይ ኮከቧን ነክቼ የማስቀምጣቸው ገጾችም አብረው ይጠፋሉ፤ እነሱን ግን ልጁ ሳይሆን አይቀርም።

ብርሃኔ ነኝ · ኅዳር 11

መሐል ስለገባሁ ይቅርታ፤ የእኔ ዊንዶውስ 11 ነው። «ዌብ ብራውዘር» የሚለው መስመር ጭራሽ የለም። የት ሄደ?

ፈጣኑ ጣት · ኅዳር 11

እዚያው «ዲፎልት አፕስ» ውስጥ ግባና የምትፈልገውን አሳሽ በስሙ ፈልገህ ክፈተው፤ ከላይ በቀኝ በኩል «ሴት ዲፎልት» የሚል ቁልፍ ታገኛለህ። አንድ ጊዜ መንካት ነው። ዊንዶውስ 11 በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲወጣ ይህ ቁልፍ አልነበረውም፤ ኤችቲቲፒውን፣ ኤችቲቲፒኤሱን፣ ኤችቲኤምኤሉን፣ የሊንክና የፋይል ዓይነቱን እያንዳንዱን ለየብቻ መቀየር ነበረብን። በማግሥቱ ዓመት ነው ያስተካከሉት። ቁልፉን ካጣኸው ማሻሻያ አላስገባህም ማለት ነው።

(ይህን ጥያቄ እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ።)

የድሮው ካፌ · ኅዳር 11፣ ማታ

ደህና አመሻችሁ። በ1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ ከዚራ ላይ ዐሥራ ሁለት ኮምፒውተር ይዤ የኢንተርኔት ካፌ ነበረኝ። የልጄ ዕድሜ ካላችሁ ሰዎች ጋር ስለ ማኅተም አልከራከርም፤ ነገር ግን ልጄ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ስለ አሳሹ ያልሽው ሳይሆን በቅንፍ እያደረግሽ የምታልፊው ነው የሳበኝ። ልጠይቅሽ፦

ፋይሎቹ የሚጠፉት ዴስክቶፕ ላይ ያሉት ብቻ ናቸው ወይስ ሌላ ቦታ ያሉትም? ከዲስኩ ዲ የሚባለው ክፍል ላይ ያለ ሥራ ጠፍቶብሽ ያውቃል? ቴሌግራሙን ማን ጫነው፣ የትስ ነው ያለው? ፕሪንተርሽ ከየትኛው ኮምፒውተር ጋር ተገናኝቷል? የሸጠልሽ ሰው ኮምፒውተሩን ከየት እንዳመጣው ነግሮሻል?

የቧንቧ ውሃዋ ጸሐፊ · ኅዳር 11፣ ማታ

ጋሼ፣ እንዴት ያለ ጥያቄ ነው የጠየቁኝ። ቁጭ ብዬ አሰብኩበት።

ዲ ላይ ያለ ነገር ጠፍቶብኝ አያውቅም። ሻጩ ሲያስረክበኝ «ሥራሽን ሁሉ ዲ ላይ አስቀምጪ» ብሎኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። የምንቸኩል ጊዜ ግን ዴስክቶፕ ላይ እናስቀምጣለን። ሐምሌ ላይ የአንድ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ዐሥራ አንድ ገጽ ጠፍቶብኝ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ እንደገና ጽፌዋለሁ። ከዚያ ደግሞ የሠርግ መጥሪያ፣ ከዚያ ደግሞ የአንድ አባት የይግባኝ ማመልከቻ። ሁሉንም ልጁ እያስተካከልኩ ነው እያለ የሰረዘው መስሎኝ አፌን ሞልቼ ተናግሬዋለሁ።

ቴሌግራሙን ያስገባው ልጁ ነው። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ጭኖት ሦስት ጊዜ ጠፋ፤ «ሲ ላይ ምንም ነገር አይበረክትም» ብሎ ሳይጫን የሚሠራውን ዓይነት ከነማኅደሩ ዲ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ አልጠፋም። እኔ ያን ጊዜ ኢንተርኔቱ ሲቆራረጥ አጫጫኑ እየተበላሸ ነው ብዬ ነበር።

ፕሪንተሩ ከአሮጌው ጋር ነው። ከአዲሱ ጋር አስተዋውቀነው ነበር፤ ማግሥት ጠዋት አያውቀውም። የፕሪንተሩ ጥፋት ነው ብዬ ተውኩት።

ኮምፒውተሩ ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁም። አንድ ተጨማሪ ነገር፣ ለወር የገዛሁት የኢንተርኔት ጥቅል እሱ ከመጣ ወዲህ ወር አይሞላም።

የድሮው ካፌ · ኅዳር 11፣ ማታ

እንግዲህ አምስት ተከሳሽ አቁመሻል፦ ልጁን፣ ፕሪንተሩን፣ ኢንተርኔቱን፣ መብራቱንና ኤጅን። አምስቱም ነጻ ናቸው ባይ ነኝ።

ይህ ኮምፒውተር ካፌ ውስጥ የነበረ ነው። በካፌ ውስጥ በቀን ሠላሳ፣ አርባ ሰው ይቀመጥበታል፤ አንዱ ቫይረስ ያስገባበታል፣ አንዱ ጨዋታ ይጭንበታል፣ አንዱ የማይሆን ፎቶ ከጀርባው ለጥፎበት ይሄዳል። እኛ ታዲያ መላ ነበረን። ኮምፒውተሩን አስተካክለን፣ አጽድተን ከጨረስን በኋላ የሚያቀዘቅዝ ፕሮግራም እንጭንበት ነበር። ፕሮግራሙ ዊንዶውስና ዴስክቶፑ ያሉበትን የሲን ክፍል በዚያች ሰዓት እንዳለ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ ሰው የሚያደርገው ነገር ሁሉ የሚጻፈው በጊዜያዊ ቦታ ነው፤ ሲሠራበት እውነተኛ ይመስላል፣ ፋይሉ ይታያል፣ ፕሮግራሙ ይከፈታል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ግን ያ ሁሉ ይጣላል። እንደ ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ አስቢው፤ መምህሩ ቀኑን ሙሉ ቢጽፍበት ማታ ይጠፋና ጠዋት ንጹሕ ነው። ዲ ክፍል ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነጻ ይደረጋል፣ ሥራ የሚቀመጥበት እንዲኖር።

ያንቺ ሰሌዳ ላይ ከመጀመሪያው የተጻፈው «ነባሪው ኤጅ ነው» የሚል ነው። አንቺ ክሮም ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ መብራት ሲሄድ ይጠፋል፣ የመጀመሪያው ይመለሳል። ማኅተምሽ ትክክል ነው፤ ወረቀቱ ነው የሚቃጠለው። የጥቅልሽም ነገር ከዚሁ ሊሆን ይችላል፦ ዊንዶውስ ማሻሻያ ያወርዳል፣ ሲነሣ ያወረደው የለም፣ እንደገና ያንኑ ያወርዳል።

በነገው ጠዋት ፈተናው ይህ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ባዶ ማኅደር ፍጠሪ፣ ስም ስጭው። የጀርባውን ሥዕል ለውጪ። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ አስነሺው። በተጨማሪ በቀኝ ከታች፣ ከሰዓቱ አጠገብ ያለችውን ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት ተጫኚና የተደበቁትን ምልክቶች ተመልከቺ። የማታውቂው ነገር ካለ ንገሪኝ።

ማኅተም ፈቺ · ኅዳር 11፣ ማታ

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ማጽጃ ፕሮግራም ስል የነበረውን ውሰዱልኝ።

የቧንቧ ውሃዋ ጸሐፊ · ኅዳር 12

ሱቁን ሁለት ሰዓት ላይ ከፈትኩ። ማኅደሩን ፈጠርኩና «አለሁ» ብዬ ስም ሰጠሁት። የጀርባውን ሥዕል ወደ አረንጓዴ ቀየርኩት። ነባሪውንም ለሰባተኛ ጊዜ ክሮም አደረግሁ፤ ልመናውን አልፌ። ከዚያ አጠፋሁት። እስኪነሣ ድረስ ሁለት ሰው መታወቂያ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ሸኘሁ፣ ዐይኔ ግን እሱ ላይ ነበር።

ሥዕሉ ያው የድሮው ሰማያዊ። «አለሁ» የለም። ኤጅ በቦታው አለ።

ቀስቷን ስጫን ከተደበቁት ምልክቶች መካከል አንዲት ትንሽ ነጭ ድብ አለች። ልጁን ጠርቼ ይህች ምንድን ናት አልኩት። «ድቧ? ከገዛነው ቀን ጀምሮ አለች። ልከፍታት ስሞክር የይለፍ ቃል ትጠይቃለች፤ ለአንቺ ነግሬሽም ነበር» አለኝ። ነግሮኛል ይሆናል። ምን እየሠራሁ እንደነበር አላስታውስም።

አሁን ምን ላድርግ ጋሼ? የይለፍ ቃሉን አላውቀውም።

የድሮው ካፌ · ኅዳር 12

ድቧን ዐውቃታለሁ፤ የዚያ የሚያቀዘቅዘው ፕሮግራም ምልክት ናት፤ አብረን ኖረናል።

ሻጩን ደውይለት። ያለ ይለፍ ቃሉ የሚሆን ቀጥተኛ መንገድ የለም፤ ከኢንተርኔት ላይ «መክፈቻ» ብለው የሚሰጡሽን ነገር እንዳታወርጂ፣ ከድቧ የባሰ አውሬ ነው የምታስገቢው። ሻጩ ካልረዳሽ የዲን ሥራ ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጠሽ ዊንዶውስን ከሥሩ እንደ አዲስ ማስጫን ነው የሚቀርሽ።

ይለፍ ቃሉን ካገኘሽ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ገብተሽ ኮምፒውተሩ በሚቀጥለው ሲነሣ እንዳይቀዘቅዝ እዘዥው፣ አስነሺው። አሁን ሰሌዳው ላይ ሳይሆን ድንጋይ ላይ ነው የምትጽፊው፤ ስለዚህ በጥንቃቄ። መጀመሪያ ማሻሻያዎቹን ሁሉ አስጨርሺ። ዊንዶውስ 10 ባለፈው ጥቅምት 4 መደበኛ ድጋፉ ያበቃ ቢሆንም እስከዚያ ድረስ የወጡት ሁሉ ያስፈልጉሻል፤ ይህ ኮምፒውተር ከቀዘቀዘበት ቀን ጀምሮ አንድም አልያዘም። ክሮምንም አሻሽዪው። ፕሪንተሩን አስተዋውቂው። ከዚያ ነባሪውን ለመጨረሻ ጊዜ ክሮም አድርጊ።

ፒዲኤፍን ለብቻው ነው የምትቀይሪው። እዚያው «ዲፎልት አፕስ» ገጽ ግርጌ ላይ በፋይል ዓይነት የመምረጫ መስመር አለ፤ ዝርዝሩ ረጅም ነው፣ ነጥብ ፒዲኤፍ እስኪመጣ ድረስ ውረጂና ለውጪው። አለበለዚያ ደረሰኝ በከፈትሽ ቁጥር ኤጅን ታዪዋለሽ፣ እንደገና ተመለሰ ብለሽ እንዳትደነግጪ።

በመጨረሻ የምትወስኚው ነገር አለ። ድቧን ታስወጫታለሽ ወይስ መልሰሽ ታስተኛታለሽ? ከማስወጣትሽ በፊት አስቢበት። ደንበኞችሽ ፍላሽ ይዘው ይመጣሉ አይደል? የዚያን ሁሉ ፍላሽ ቆሻሻ ሌሊት ሌሊት እየጠረገች የኖረችው እሷ ናት። ጥፋቷ መኖሯ አይደለም፣ ሳትነገሪ መኖሯ ነው። ካስቀረሻት ግን በየሳምንቱ አንድ ቀን ማቅለጥና ማሻሻያ ማስገባት ይኖርብሻል።

ካስቀረሻት ደግሞ ይህን አድርጊ፤ ሳታቀዘቅዢው በፊት። ዴስክቶፕ የሚለውን ማኅደር በቀኝ ጠቅ አድርጊ፣ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ሎኬሽን» የሚል ገጽ አለ፤ «ሙቭ» በሚለው ወደ ዲ አዛውሪው። የወረዱ ፋይሎች የሚገቡበትንም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጥሽው ሁሉ በእርግጥ ያለው ዲ ላይ ነው።

ከስቶክሆልም · ኅዳር 12

ክሱን አንሥቻለሁ። በዚህ መዝገብ ብቻ።

የቧንቧ ውሃዋ ጸሐፊ · ኅዳር 15

ቅዳሜ ሻጩን ደወልኩለት። በሦስተኛው አነሣ። ተቆጥቼ ነበር የጀመርኩት፤ እሱ ግን ምንም አልደነገጠም። «የኢንተርኔት ቤት ዕቃ ነው፤ እንዳይበላሽብሽ ብዬ እንዳለ ተውኩልሽ። ሥራሽን ዲ ላይ አስቀምጪ አላልኩሽም?» አለኝ። ብሎኛል። እንዲህ ያለ ሰው ጋር ምን ትጣላለህ? የይለፍ ቃሉን በስልክ ነገረኝ፤ ከአንድ እስከ ስድስት ያሉት ቁጥሮች በተራቸው ናቸው። ልጁ እስካሁን አለመሞከሩ ነው የገረመኝ። (ሞክሯል፤ እስከ አምስት ነው የሄደው።)

ትናንት እሑድ ሱቁን ዘግተን ሠራንበት። ማሻሻያው ብቻ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ፤ ጥቅሉ ሊያልቅ ደርሶ ከጎረቤት ተበድረናል። ፕሪንተሩ ተዋወቀ። ክሮም ነባሪ ሆነ፣ ፒዲኤፉም እንደዚሁ፤ ጋሼ ባይነግሩኝ በእርግጥም እንደገና ተመለሰ ብዬ እጮህ ነበር። ዴስክቶፑና የወረዱት ማኅደር ዲ ላይ ገቡ። ስለ ድቧ ብዙ አሰብን። ጥቅምት ላይ አንድ ደንበኛ ይዞት የመጣው ፍላሽ አሮጌውን ኮምፒውተር ሁለት ቀን ሥራ አስፈትቶት ነበር፤ አዲሱ ያንኑ ፍላሽ ገብቶበት ማግሥት ደህና ነበር። ያኔ ጥሩ ዕቃ ገዛሁ ብዬ ኮርቼ ነበር። ስለዚህ ድቧ ትቆይ ተባለ። የይለፍ ቃሏ ተቀይሯል፤ እሑድ እሑድ ትቀልጣለች።

ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ የተከፈተው ሊንክ በክሮም ተከፈተ። አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ አምስት ላይ መጣ፤ አሁንም ክሮም። ሁለት ፎርም ሞልተን ልከናል፤ ግድግዳውን ያየሁት ሰዓት ለማየት ብቻ ነው።

ልጁን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ዐሥራ አንዱን ገጽ፣ የሠርግ መጥሪያውን፣ የይግባኙን፣ የክሮሙን ኮከቦች አንድ በአንድ ቆጥሬ፣ አንተ አይደለህም፣ ኮምፒውተሩ ነው ሁሉንም ማታ ማታ ሲያጠፋ የነበረው አልኩት። ወረቀት እየደረደረ ዝም ብሎ ሰማኝና «እትዬ፣ ስድቡን ግን ዲ ላይ ነው ያስቀመጥኩት» አለኝ።